ሰው የማይቀመጥበት ሳጥን

የዓለምወርቅ ቁጡ ነበረች። እሷም አትክድም፤ ነገሌ ውስጥም ይህን የማያውቅ አልነበረም። አባቷ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ከጦሩ ጋር ወደ ደቡብ ወርደው በዚያው የቀሩ የሸዋ ወታደር፣ እናቷ ዲንቄ ደግሞ የዚያው አገር ሴት ነበሩ። ስለዚህ በሁለት ቋንቋ መቆጣት ትችላለች። ሲብስባት በአማርኛ ትጀምርና በኦሮምኛ ትጨርሳለች፤ ያን ጊዜ ሰሚው ከየትኛው እንደሚያመልጥ ይጨንቀዋል።

በልጅነቷ የተማረችበት የሚስዮን ትምህርት ቤት በእግር እየተረገጠ የሚጮህ አሮጌ ሃርሞኒየም ነበረው። መጫወት የተማረችው እሱ ላይ ነው። ካደገች በኋላ ለብዙ ጊዜ ምንም ያልጠቀማት ሙያ ነበር። በ1963 ዓ.ም. ግን የሆቴል ባለቤቱ አቶ ገብረወልድ ከአዲስ አበባ የኤሌክትሪክ ኦርጋን አስመጡና ባንድ አቋቋሙ። ጊታር የሚጫወትም ድራም የሚመታም ከከተማው ጦር ሰፈር አልጠፋም። ኦርጋኑን ነክቶ ዜማ የሚያወጣ ሰው ግን እሷ ብቻ ሆና ተገኘች።

መጀመሪያ ሆቴሉ መጠጥ አዳራሽ ውስጥ እንድትጫወት ተደረገ። አንድ ሰካራም ቢራውን ቁልፎቹ ላይ ደፋ፤ ጓደኛው ደግሞ ክንዷን ያዘ። ሁለቱንም በጥፊ አጩላ ወጣችና በማግስቱ ለአቶ ገብረወልድ ቁርጡን ነገረቻቸው። "ሠርግና በዓል ላይ የትም ሄጄ እጫወታለሁ። ሰካራም ፊት ግን አልቀመጥም።" እሳቸውም ሌላ የሚጫወት ሰው ስላልነበራቸው እሺ አሉ። ከዚያ በኋላ የእሷ ሙዚቃ ያለው መንገድ ላይ ነበር፤ ወደራ፣ አሬሮ፣ ሞያሌ፣ ድግስ ባለበት ሁሉ። ኦርጋኑ ከነገሌ ከወጣ ሙዚቀኛ ናት። ካልወጣ ግን ጣቶቿን ሽሮ ከማማሰል በቀር የምታውልበት ቦታ የላትም።

ያናደዳትን ነገር ለመረዳት ዕቃውን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ደግሞም ማወቁ ደስ የሚል ዕቃ ነው። ኦርጋኑ አንድ ጠንካራ ሰው ታቅፎ የሚያነሳው፣ ቁመቱ ከልጅ አልጋ የማይበልጥ፣ ከሥሩ ተጣጣፊ እግሮች ያሉት የጣሊያን ሥሪት ነበር። ክዳኑ ተነስቶ ውስጡ ሲታይ ያስደንቃል። በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ቀጭን የብረት ምላስ አለች። ቁልፉ ሲጫን ምላሲቱ ጎንበስ ብላ ሌላ ሽቦ ትነካለች፤ ድምፁ የሚወለደው ከዚያ ንክኪ ነው። ሽቦዎቹ ከጸጉር ትንሽ ቢወፍሩ ነው፤ የተያያዙትም ጠብታ በምታህል የቀለጠ እርሳስ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ነው እንግዲህ ከቡና ጆንያና ከጨው ጋር ጭነት መኪና ላይ አውጥቶ ዳዋ ወንዝን ማሻገር።

በመጀመሪያው ጉዞ በብርድ ልብስ ጠቅልለው በገመድ አሰሩት። ከነገሌ እስከ ክብረ መንግሥት ያለው ቀይ አቧራ ብርድ ልብስ የሚያግደው ዓይነት አልነበረም። በየቁልፎቹ መካከል ገብቶ ሲደርሱ ግማሾቹ ተጭነው አልመለስ አሉ። የዓለምወርቅ ሙሽሮቹ እየጠበቁ በላባ ስትጠርግ ዋለች።

ስለዚህ አናጢው ወልደገብርኤል ሳጥን ሠራ። ጥሩ ሳጥን ነበር። ከዚያው ከነገሌ ጫካ ጥድ የተሠራ፣ ማዕዘኑ በቆርቆሮ የተያዘ፣ ክዳኑ ዝርግና ልሙጥ። አቧራ እንዳይገባ አፉ ዙሪያውን በጨርቅ ተለበጠ። እሷም በትልልቁ "የሚሰበር ዕቃ፤ ተጠንቀቁ" ብላ ጻፈችበት። መኪናው ላይም ከሹፌሩ ክፍል በስተጀርባ እንዲቀመጥ አደረገች፤ መንገጫገጩ የሚቀንሰው እዚያ ነውና። ሁሉም በሚገባ ታስቦበታል። ስህተቱ የነበረውም እዚሁ ውስጥ ነው።

በዚያ አገር ጭነት መኪና ማለት አውቶቡስም ነው። ሰው ከጭነቱ በላይ ይሳፈራል። ሴት ከሆነች፣ በተለይም የተማረች ከሆነች፣ ለክብሯ ጋቢና ትገባለች። ላይ ደግሞ ሽማግሌ ሲመጣ ሁሉም ተነስቶ ከሁሉ የተሻለውን ቦታ ይለቅለታል። የተሻለ ቦታ ምን ዓይነት ነው? ንፋስ የማይመታው፣ እንደ ጆንያ የማይሰምጥ፣ እንደ በርሜል የማይንከባለል፣ ዝርግና ለስላሳ የሆነ። እንግዲህ ያ ሳጥን ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ይበልጥ አምሮ በተሠራ ቁጥር ይበልጥ የተከበረ ሰው የሚቀመጥበት ዙፋን ሆነ።

ወደራ ለበዓል ሲሄዱ የዓለምወርቅ ጋቢና ውስጥ ነበረች። ደርሰው ሳጥኑን ስታየው ክዳኑ መሃሉ ላይ ጎድጉዷል። ከፈተችው። የመሃሉ ቁልፎች ሰምጠው ቀርተዋል። ጄኔሬተሩ ሲነሳ ኦርጋኑ ማንም ሳይነካው አንዲት ቀጭን ድምፅ እያወጣ ማላዘን ጀመረ፤ ገመዱን እስክትነቅለው ድረስም አላቆመም።

"ማነው የተቀመጠበት?" አለች።

ሹፌሩ ራሺድ ጎማውን በእግሩ እየመታ ነበር። "ማን ይቀመጣል? አባ ጎሊቻ ናቸው። የአሬሮው የከብት ነጋዴ።"

"ማን አስቀመጣቸው?"

"እኔ ነኛ። ሽማግሌ ቆሞ ይሂድ?"

"ተጽፎበታል! 'የሚሰበር' ተብሎ ተጽፎበታል!"

"የዓለም፣ ማንበብ የሚችለው ጋቢና ውስጥ ካንቺ ጋር ነበር የተቀመጠው። ላይ ላለው ሰው ማን ያንብብለት? በጉ?"

ባንዱ ያለ ኦርጋን ተጫወተ። እሷ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ጥግ ላይ ተቀመጠች። የወደራ ሰው ጨፈረ፣ በላ፣ ተደሰተ፤ የጎደለ ነገር መኖሩን እንኳ አላወቀም። ከምንም በላይ ያናደዳት ይሄ ነበር።

ኦርጋኑን አንድ የሬዲዮ ጠጋኝ ብዙ ቀን ለፍቶ አስተካከለው። አቶ ገብረወልድ ግን የባንዱ ሰዎች ባሉበት ጠሯት።

"ስሚ፤ የሚመጣው የሞያሌ ሠርግ ነው። ሰዎቹ ታላላቅ ናቸው። ኦርጋኑ እዚያ ተሰብሮ ከደረሰ፣ ሁለተኛ ከሆቴሌ አይወጣም። አዳራሹ ወለል ላይ በብሎን አስረዋለሁ።"

"አዳራሹ ውስጥ እኔ እንደማልጫወት ያውቃሉ።"

"አንቺ ባትጫወቺ የሚጫወት ሰው አመጣለሁ።"

"እኔ ነኝ የተቀመጥኩበት? እኔ ነኝ የሰበርኩት?"

"አልሰበርሽም፤ ግን ስታጓጉዢው ተሰበረ" አሉና ተነስተው ሄዱ።

ድራም መቺው ዲባ ሊያጽናናት ፈልጎ፣ "እኔ ድራሜ ላይ ሰው ሲቀመጥ ምንም አልልም፤ እንዲያውም ቆዳውን ይወጥርልኛል" አላት። ያየችው አስተያየት አፉን አስያዘው።

ከዚያ ሌላ መያዣ መፈለግ ጀመረች። ንዴቷ ሳይበርድ ቢሆንም ሥራውን በሥርዓት ነው የያዘችው። የቆርቆሮ ሳንዱቅ አየች፤ ስስ ነው፣ ፀሐይም ሲመታው እንደ ምድጃ ይግላል፤ የተጣበቀው እርሳስ ባይቀልጥ እንኳ ቁልፎቹ ይጣመማሉ። ከጦር ሰፈሩ የጥይት ሳጥን አመጡላት፤ ጠንካራ ነው፣ ግን ኦርጋኑን ለሁለት ካልቆረጡት አይገባም። የበሬ ቆዳ አልፍታ መጠቅለልም አሰበች፤ ቆዳ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሲኮማተር ደግሞ ያቀፈውን ይጨምቃል። እያንዳንዱን እያገላበጠች ስትመረምር ሁሉም ላይ አንድ ጉድለት አየች። ሁሉም ላይ መቀመጥ ይቻላል።

ይህን ስታውቅ ጥያቄው ተለወጠ። ወደ መኪና ማቆሚያው ሜዳ ሄዳ ሲጫን ቆማ ታይ ጀመር፤ ሰዎች ምን ላይ እንደሚቀመጡ ሳይሆን ምን ላይ እንደማይቀመጡ። ትርፍ ጎማ ላይ ይቀመጣሉ። አልጋ ላይ ይቀመጣሉ። የታሰረ ፍየል ላይ ሲቀመጡ አይታለች፤ ፍየሉ ነበር የተነሳው። የማይቀመጡበት ግን ነበር። አንድ ነጋዴ ዶሮዎቹን ከቀርቀሃ በተሠራ፣ ጣራው እንደ ጎጆ በሾለ ቅርጫት ይዞ መጣ። ሰው ሁሉ አየው፤ ዞር ብሎ አለፈው። አንድ ወጣት እንኳ ሊቀመጥ ሞክሮ ወገቡን ይዞ ተነሳ።

ነገሩ ጥንካሬ አልነበረም፤ ቅርጽ ነበር። ዝርግ የሆነ ሁሉ መቀመጫ ነው። መቀመጫ ካልፈለግክ አታለስልሰው፤ አሹለው። ይህን የመሰለ ቀላል ነገር ስታገኝ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። እሷ ግን እስከዛሬ ለምን አልታየኝም ብላ በራሷ ተናደደች።

ወልደገብርኤል ክዳኑ የሾለ ሳጥን የሳለችበትን ወረቀት አየና መለሰላት።

"ይሄ የሬሳ ሳጥን ነው።"

"የኦርጋን ሳጥን ነው።"

"ልጄ፣ እኔ ስንቱን ሠርቻለሁ። ክዳኑ እንዲህ ከሾለ የሬሳ ነው።"

"ቁመቱን ይዩት እስቲ። ይሄ ሰው ያህላል?"

"የልጅ ያህላል።"

ሥዕሉን ዳግመኛ አየችው። ከዚያ፣ "ቢጫ እቀባዋለሁ። ቢጫ የሬሳ ሳጥን አይተው ያውቃሉ?" አለች።

"አላየሁም። ባየሁ ግን ይበልጥ ያስለቅሰኝ ነበር።"

"ጋሽ ወልደገብርኤል፣ ይሠሩታል ወይስ መጋዙን ይስጡኝ?"

ሠራው። እያጉረመረመ ቢሆንም በደንብ ነው የሠራው። ጎኑ ጥድ፣ የሾለው ክዳን ደግሞ እንዳይከብድ ከስስ ጣውላ፣ ከኮምፔንሳቶ ሆነ። ውስጡን ያሰበችው ግን እሷ ናት፤ ይህም ከክዳኑ ያላነሰ ቁም ነገር ነው። ያ መንገድ ቦታ ቦታው ላይ እንደ ጣራ ቆርቆሮ የተሸበሸበ ነው። መኪናው እዚያ ላይ ሲሮጥ የሚንቀጠቀጠው ሁሉ በሳጥኑ ግድግዳ አልፎ ወደ ዕቃው ይገባል፤ ዕቃው ሳጥኑ ውስጥ በጠበቀ ቁጥርም ይበልጥ ይገባል። ስለዚህ ኦርጋኑ ግድግዳውን እንዳይነካ ፈለገች። ከተቀደደ ካላማዳሪያ፣ ማለትም ከጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ሰፋፊ ጠፍር ቆርጣ ከጎን ወደ ጎን ወጠረች። ኦርጋኑ በጠፍሮቹ ላይ ተኛ። ሳጥኑን ስትገፋው ውስጡ ያለው ትንሽ ተወዛውዞ መልሶ ይረጋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ያለችው ያን ጊዜ ነው፤ ማንም ግን አላየም።

ወደ ሞያሌ የሚነሱበት ቀን አቶ ገብረወልድ ቀደም ብለው በላንድሮቨር ሄደዋል። ራሺድ ጭነት መኪናውን፣ ኤንትሬውን፣ አቁሞ ያስጭናል። ቢጫው ሳጥን ከሹፌሩ ክፍል በስተጀርባ ወጣ። የዓለምወርቅም ጋቢና አልገባም ብላ ከጎኑ ተቀመጠች። የሜዳው ሰው ሳጥኑንና እሷን እያየ ከንፈሩን መጠጠ። ጨርቅ ነጋዴዋ ቀድሪያ መሰላሉን ወጥታ እጇን ያዘች።

"አይዞሽ እህቴ። አላህ ሰብሩን፣ ትዕግሥቱን ይስጥሽ። ልጅሽ ነው?"

"ልጅ የለኝም!"

"የእህትሽ ነው?"

"ኦርጋን ነው! የሙዚቃ ዕቃ ነው!"

ቀድሪያ እጇን ሳትለቅ ወደ ታች ዞራ፣ "ምስኪን፣ ኀዘኑ አእምሮዋን ነክቶታል" አለች።

ከታች ሁለት ሰዎች ዕቃቸውን መልሰው ማውረድ ጀመሩ። ከሬሳ ጋር እስከ ሞያሌ አንሄድም አሉ። ራሺድ መጣ፤ ፊቱ ቀልቷል።

"አውርጂው።"

"አላወርድም።"

"ሰው እየወረደብኝ ነው! ኬላ ላይስ ሲያስቆሙኝ ምን ልላቸው ነው?"

"ኦርጋን ነው በላቸው!"

"የዓለም፣ በደጉ ጊዜ ጥሩ ሳጥን ነበረሽ። ማን አበላሺው አለሽ?"

ይህ የመጨረሻው ነበር። ሳጥኑን በሁለት እጇ አቅፋ እንደያዘች፣ ከታች አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ለሰው ሰጥተው መሰላሉን መውጣት ጀመሩ። ሰው ሁሉ ተነሳ። አባ ጎሊቻ ነበሩ። "ናጋ፣ ናጋ" እያሉ ሁሉንም ሰላም አሉና ሳጥኑን አዩት። ዙሪያውን ዞሩት። የሾለውን ጫፍ በመዳፋቸው ነኩት። ከዚያ በኦሮምኛ፣

"ያን ቀን ወደራ ስንሄድ የተቀመጥኩበት ጥሩ ሳጥን ነበር። ይሄን ማነው እንዲህ ያሾለው?" አሉ።

የዓለምወርቅ ብድግ አለች። "እኔ ነኝ! አንቱ ሰብረውት ነዋ! በላዩ ተቀምጠው ሰብረውት! ለኔ ድግሱ ቀረ፣ ሥራዬም ሊቀር ነው! ዙፋን መሰለዎት?"

በዚያ አገር ሴት ልጅ በሽማግሌ ላይ እንዲህ ስትጮህ ተሰምቶ አያውቅም። ቀድሪያ እጇን ለቀቀቻት።

አባ ጎሊቻ መዳፋቸውን ከሾለው ጫፍ አነሱ። "እኔ የተሰበረ ነገር አላየሁም" አሉ። "የነገረኝም የለም። ምን ነበር ውስጡ?"

እሷ መቀርቀሪያውን ከፍታ ሾጣጣውን ክዳን አነሳች። ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ፤ የሸሹትም ተመልሰው ጎኑ ላይ ተንጠላጠሉ። ነጭና ጥቁር ቁልፎች በላስቲክ ላይ ተኝተው ፀሐይ አገኛቸው። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው በአንድ ጣት አንዱን ቁልፍ ጫኑ፤ ወርዶ ተመለሰ።

"ጥርስ ብቻ ያለው ሬሳ ነው" አሉ። ሰው ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ወደ ራሺድ ዞሩ። "አንተ! ይህን የሚያህል የሚሰበር ነገር ላይ ነው ያስቀመጥከኝ? የሰው ዕቃ የሚሰብር ሽማግሌ ልታሰኘኝ? እንግዳ 'እዚህ ተቀመጥ' ሲባል ይቀመጣል፤ የሚያስቀምጠው ነው ማወቅ ያለበት!"

"አባባ፣ እኔ እኮ ላከብርዎት..."

"ያከበርከኝ በሷ ዕቃ ነው!"

ቀጥሎ ወደ እሷ ዞሩ። "አንቺም ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ አባትሽን የሚያህል ሰው ላይ ጮኸሻል። ያን ቀን ወደራ ላይ መጥተሽ ብትነግሪኝ ኖሮ እሰማሽ ነበር። አሁን ግን ጮኸሻል።"

"ጮኼያለሁ" አለች። ይቅርታ አላለችም። ግን ነጠላዋን አውልቃ ጆንያው ላይ አነጠፈችላቸው። እሳቸውም ትንሽ ቆዩና ተቀመጡበት። የወረዱት ሰዎች ዕቃቸውን እንደገና ጫኑ። ራሺድ በሩን ከሚገባው በላይ አጥብቆ ዘግቶ ተነሳ።

ዳዋን ተሻገሩ፤ አሬሮ ላይ አባ ጎሊቻ ወረዱ፤ የተሸበሸበውን መንገድ አለፉ። በየቦታው አዲስ ተሳፋሪ ሲወጣ ወደ ቢጫው ሳጥን ያይና ዞር ብሎ ሌላ ቦታ ይፈልጋል። አንዳንዱ ባርኔጣውን አውልቆ ያልፋል። እሷም ማስረዳቱን ተወችው። ሙት ይሁንላቸው፤ ብቻ አይቀመጡበት።

ሞያሌ ዳሱ ውስጥ ሠርገኛው ሞልቷል። አቶ ገብረወልድ ሙሉ ልብስ ለብሰው ደጃፍ ቆመዋል። ሳጥኑን ሲያዩ ደነገጡ። "ምን ጉድ ነው ይሄ? ሠርግ ላይ?"

የዓለምወርቅ ክዳኑን ከፈተች። ኦርጋኑን ከጠፍሮቹ አውጥታ እግሮቹን ዘረጋች፤ ገመዱን ሰካች። ጄኔሬተሩ ተነሳ። ኦርጋኑ ዝም አለ፤ አላላዘነም። ከግራ ጀምራ እያንዳንዱን ቁልፍ አንድ በአንድ እስከ ቀኝ ድረስ ነካች። ሁሉም መለሰ። አንድም የጎደለ አልነበረም።

"ጎሽ" አሉ አቶ ገብረወልድ። "እኔ ድሮስ አላልኩም? በደንብ ከተያዘ ይደርሳል ብዬ።"

እጇን ከቁልፎቹ አነሳች። "እንደዚያ አላሉም። ተሰብሮ ከደረሰ በብሎን አስረዋለሁ ነው ያሉት። ሳይሰበር ከደረሰስ? እሱን አሁን ይበሉት።"

"ኧረ ሙሽሮቹ እየገቡ ነው!"

"ይግቡ።"

"እሺ፣ ይወጣል" አሉ በከንፈራቸው።

"ዲባ አልሰማም።"

ዲባ ከድራሙ ኋላ፣ "እኔ ምንም አልሰማሁም ጋሼ" አለ።

አቶ ገብረወልድ ግራና ቀኝ አዩ። ሠርገኛው መዞር ጀምሯል። "ይወጣል አልኩ! ድግስ ባለበት ሁሉ ኦርጋኑ ይወጣል! አንቺም አብረሽው ትወጫለሽ! በቃሽ?"

አልበቃትም። ያ ሁሉ ውርደት፣ ሙት ሳይኖራት የተደረሰላት ያ ሁሉ ልቅሶ፣ በአንድ "በቃሽ" የሚያልቅ አልነበረም። ግን ሙሽሮቹ ዳሱን ረግጠዋል። ሁለቱን እጆቿን ቁልፎቹ ላይ ጣለችና ጀመረች፤ ባንዱ ከተለማመደው እጥፍ አፍጥና፣ በብርቱ። ጊታሩ ደንግጦ ተከተላት። ሙሽራዋ ቀሚሷን ሰብስባ ለመራመድ ተገደደች።

"ቀስ በይ እንጂ፣ ሠርግ እኮ ነው!" ብሎ ጮኸ ዲባ።

ቀስ አላለችም።